አዳም ያልሰጠው መልስ

ቀዳም ሥዑር፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሰሙነ ሕማማት ቀናት ሁሉ ስለ አዳም አብዝቼ የማስበው በዛሬዋ ቅዳሜ ነው። ሰንበት ሆና ሳለች በዓመት አንድ ጊዜ የምትጾመው ይህች ቀን፣ ጌታ በአካለ ሥጋ በመቃብር ሳለ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል መውረዱ የሚታሰብባት ናት። ጧት ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ) እያሉ ያደሉንን ቄጠማ ሁሉም በራሱ ላይ አስሮ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ የኔም እስከ አሁን አልተፈታም። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ርግብ ለኖኅ በቅጠል እንዳበሠረች፣ ይህም ቄጠማ የሰው ልጅ መዳኑን ያበሥራል።

ስለ ሰው ልጅ ውድቀት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ዓይናችን በዕፀ በለስ ላይ ያርፋል። እኔ ግን የኦሪት ዘፍጥረትን ሦስተኛ ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር የሚያስቆመኝ ከበሉ በኋላ የሆነው ነገር ነው። እግዚአብሔር «ወዴት ነህ?» ብሎ ተጣራ፤ የት እንዳለ የሚያውቀውን ሰው መጣራቱም ራሱ እንዲወጣ ዕድል መስጠት ነበር። አዳም ግን በልተህ ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ ጀመረ። ጥቂት ቀደም ብሎ «አጥንት ከአጥንቴ፣ ሥጋም ከሥጋዬ» ያላትን ሔዋንን ከራሱ ነጥሎ ከሳሽ ሆነባት፤ «የሰጠኸኝ» ሲልም ጥፋቱን በሰጪው ላይ አላከከ። ሔዋንም በተራዋ እባቡን ጠቆመች። «እኔ በደልሁ» የሚል ቃል ከሁለቱም አፍ አልወጣም። በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን ስንት ጊዜ ይህንኑ እንሰማለን!

በዚሁ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ቅደም ተከተል አለ። ከሴቲቱ ዘር የሚወለደው የእባቡን ራስ እንደሚቀጠቅጥ የተነገረው በአዳምና በሔዋን ላይ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ሁለቱ ገና ምጥንና ድካምን፣ ወደ አፈርም መመለስን ሳይሰሙ ተስፋውን ሰሙ። ከገነት ሳይወጡም የቁርበት ልብስ ተደረገላቸው።

አባቶች እንዳስተማሩን አዳም ከገነት ከወጣ በኋላ መሪር ልቅሶ አለቀሰ፤ ንስሐውም ተሰምቶለት «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚል ቃል ኪዳን ተገባለት። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ስለሆነ ይህ 5500 ዓመት ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ስሌት ውስጥ ይህ ቁጥር ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ዘመናት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ስለሚጠሩ፣ የ2017 ዓ.ም. ወንጌላዊ ማን እንደሆነ ለማወቅ በ2017 ላይ 5500 ተደምሮ 7517 ይሆናል፣ ለ4 ተካፍሎ 1 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ተባለ። አዳም በተስፋ የጠበቀበት ዘመን ሳይቆጠር አዲስ ዓመት አንገባም ማለት ነው።

ንስሐው ተሰምቶለት ከነበረ ታዲያ ጌታ መውረድ፣ መሰቀልና መቀበር ለምን አስፈለገው? ይህን ጥያቄ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ አንሥቶታል፤ ምላሹም ነገሩ መተላለፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ይበቃ ነበር፣ ነገር ግን ሞትና መበስበስ የሰውን ባሕርይ ስለያዙት ሕይወት የሆነው እርሱ ራሱ ያንን ባሕርይ የራሱ ማድረግና ሞትን በሞቱ መሻር ነበረበት የሚል ነው። እኔን ከማብራሪያው ይልቅ የሚያስረዳኝ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያለው የትንሣኤ ሥዕል ነው። ጌታ አዳምንና ሔዋንን የያዛቸው በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው አንጓ ላይ ነው። መዳፍ ለመዳፍ ቢያያዙ ኖሮ አዳምም አጥብቆ መያዝ በተጠበቀበት ነበር፤ አንጓው የተያዘ ሰው ግን እጁ ቢዝልም አይወድቅም። ሠዓሊው ይህን አስቦበት እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ግን ሳላየው ማለፍ አልችልም።

ትላንት ከስግደቱ መካከል የሉቃስ ወንጌል ሲነበብ ልቤ በፈያታዊ ዘየማን ላይ ቀረ። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ይህ ወንበዴ፣ ጌታን ይሰድብ የነበረውን ጓደኛውን ሲገሥጽ፣ የደረሰብን ቅጣት ለሠራነው የሚገባ ነው አለ። የሚያሳብብበት አጥቶ አይመስለኝም፤ የሮም ግዛት፣ ድህነት፣ ክፉ ባልንጀራ፣ ከተፈለገ ሁሉም ነበረለት። በገነት ዛፎች መካከል ያልተሰማው መልስ በቀራንዮ ተሰማ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህ ሰው የነበልባል ሰይፍ የያዘውን መልአክ አልፎ ገነት የገባው ከአዳምም ቀድሞ ነው። አንድ ቀን ያልጾመ፣ ሰግዶም የማያውቅ ሰው ሁላችንንም መቅደሙን የምሕረት ብዛት ብቻ አድርጌ አየው ነበር፤ ዛሬ ግን ከአዳም መልስ አጠገብ ሳስቀምጠው ሌላም ነገር ያለበት ይመስለኛል።

እንዲህ ስል ወንበዴውን ያዳነው መልሱ ነው ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ፣ በኦሪት ያ መልሱ ሳይታረም እንደተጻፈ የቀረው አዳም ከሲኦል ባልወጣም ነበር። ሌሊት ካህኑ «አሠሮ ለሰይጣን» (ሰይጣንን አሰረው) ሲሉ እኛ «አግዓዞ ለአዳም» (አዳምን ነጻ አወጣው) ብለን የምንመልሰው ስለዚሁ ሰው ነው፤ ሚስቱን ስለ ከሰሰው፣ ከዛፍ ኋላ ስለ ተሸሸገው።