ጅማ ውስጥ አንድ ባዶ ቤት ከውጭ እንዴት እንደመረመርኩ

ሰው የለቀቀውን አሮጌ ቤት ከውጭ ብቻ መመልከት ለብዙዎች ትርፍ የሌለው ሥራ ይመስላል። እኔ ግን ሂርማታ አካባቢ የሚገኝ፣ ምድር ቤቱ ለሱቅ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው ፎቁ ደግሞ ለመኖሪያ የተሠራ አንድ የጭቃ ቤት በዚህ መንገድ መርምሬ፣ ለምን እንደተጎዳና የትኛው ጎኑ ቶሎ መጠገን እንዳለበት በሩን ሳልከፍት ለማወቅ ችያለሁ። እንዲህ ያሉ የነጋዴ ቤቶች የከተማዋን የቡና ንግድ ታሪክ የያዙ ስለሆኑ፣ ከመፍረሳቸው በፊት በጥንቃቄ ሊመዘገቡ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት ጎረቤት በማስፈቀድ ነው፤ ቤቱ ባዶ ቢሆንም ባለቤትም ጠባቂም አለውና። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡትን አዛውንት «አባባ፣ ቤቱን ከውጭ አይቼ ለመመዝገብ ነው፤ ቅር ይልዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ምን ቅር ይለኛል ልጄ፣ ብቻ በረንዳው ሥር እንዳትቆም» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ በረንዳውን ከተሸከሙት እንጨቶች አንዱ ግድግዳው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ተበልቶ ሳስቷል፤ ጣት የሚያህል የምስጥ አፈርም ከመሠረቱ ተነሥቶ ግድግዳውን ታክኮ እስከ እንጨቱ ድረስ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ የተከተልኩት የውሃን መንገድ ነበር። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስለምታገኝ፣ እዚህ የጭቃ ቤትን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ውሃ ነው። ስለዚህ ዓይኔን ከጣሪያው ቆርቆሮ ወደ አሸንዳው፣ ከአሸንዳው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ መሠረቱ እያወረድኩ ተመለከትኩ። አሸንዳው በተነቀለበት ማዕዘን ልስኑ ረግፎ ጭዱና ማገሩ ወጥቷል፤ ከሥሩም ዝናቡ ከመሬት እየፈናጠረ ያነሣው ቀይ ጭቃ ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ አቅልሞታል። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በቅርብ ዘመን በሲሚንቶ የተለሰነው የጎን ግድግዳ ነው። ሲታይ ደህና ይመስላል፤ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ግን ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ስለሆነ ከጭቃው ጋር አብሮ አይላወስም፤ በስንጥቁ የገባውን እርጥበትም ወደ ውጭ አያስወጣም፤ በዚህም የተነሣ ጭቃው ከኋላው እየላላ ይወርዳል። ዝናብ ካባራ በኋላ ተመልሼ ሳይ፣ ሌላው ግድግዳ ደርቆ ይህኛው በስንጥቆቹ ዙሪያ ገና እርጥብ ነበር። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው፣ ሰፊ ጣሪያና በረንዳ ግድግዳን ከዝናብ እንዴት እንደሚጋርድ ያስተውላል።

የምመለከትበት ሰዓትም ብዙ ለውጥ እንዳለው ተምሬያለሁ። እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ያለ የሚመስለው ግድግዳ፣ የጠዋት ፀሐይ በጎን ስታርፍበት ወደ ውጭ ማበጡን በጥላው ያሳያል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የመሠረት መስመጥ ምልክት ነው፤ ጠርዙ ጠቁሮ ሸረሪት ያደራበት ከሆነ የቆየ፣ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ግን ገና በመስፋት ላይ ያለ ነው። ፎቶግራፍ ሳነሣ ስፋቱ እንዲታወቅ ስንጥቁ አጠገብ ማስመሪያ እይዝ ነበር።

የምድር ቤቱ አንድ ሰፊ በር በሁለት ጠባብ በሮች መከፈሉን ያወቅኩት ከላይ የቀረው አሮጌ መቃን ከሁለቱ በሮች አልፎ ስለሚታይ ነው። አዛውንቱ ስጠይቃቸው፣ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ሁለት ቤተሰቦች በቀበሌ ተከራይተው ይኖሩበት እንደነበር ነገሩኝ።

ለቤቱ ጠባቂ በጽሑፍ ያቀረብኩት ሐሳብ፣ በረንዳው ከክረምት በፊት በቋሚ እንጨት እንዲደገፍ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውና አሸንዳው እንዲጠገኑ፣ ሲሚንቶው ተነሥቶ ግድግዳው በሚገባ ከደረቀ በኋላም በጭድና በጭቃ እንደገና እንዲመረግ ነው።