በቅሎ ልንገድል የሄድን ዕለት

ጣጣው የጀመረው ከስሙ ነው።

አባባ ከደባርቅ ሊጠይቁን ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ከመጡ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። እራት እየበላን ልጄ፣ "አባባ፣ ቅዳሜ ሚዩል ዲር ልንገድል ነው" አላቸው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። አማርኛው ይሄዳል፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ።

"ምን ልትገድሉ?"

"ሚዩል... ሚዩል..." ጣራውን እያየ አሰበ። "በቅሎ!"

አባባ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት። ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ምን ቢደርስብህ ነው በቅሎ የምትገድለው? በቅሎ ይጋለባል እንጂ ይታደናል? ደግሞስ የማን በቅሎ ነው?"

ጆሮው እንደ በቅሎ ጆሮ ትልቅ ስለሆነ ፈረንጆቹ ያወጡለት ስም እንጂ ዋላ መሆኑን አስረዳሁ። ስልኬ ላይ ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። "ጆሮውስ እውነትም የበቅሎ ነው" አሉ። ቀጥሎ ምርመራ። ሰኮናው ስንጥቅ ነው? ነው። ያመሰኳል? ያመሰኳል። "እንግዲያማ ዋላ ነው። ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ተፈቅዷል" ብለው ጉርሻቸውን አነሱ።

ባለቤቴ ግን አልተፈታችም። የጽጌ ጾም ላይ ነበርን። "ያውም በእመቤታችን ጾም ደም ልታፈሱ?" አለች። የፈቃድ ጾም እኮ ነው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። "ብቻ ታክሽፍባችሁ" አለችና ድስቷን ልታማስል ተነሳች። ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

በነገራችን ላይ እኔ በሕይወቴ ሁለት ዕጣ ወጥቶልኛል። አንደኛው ዲቪ ነው። ሁለተኛው ይሄ። ኮሎራዶ ውስጥ ዋላ ዝም ብሎ አይገደልም። በኤፕሪል መጀመሪያ ታመለክታለህ፣ ከዚያ ዕጣህን ትጠብቃለህ። ካልወጣልህ ነጥብ ይያዝልሃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕድልህ ከፍ ይላል። ዲቪ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ቢኖር ኖሮ አሥራ አንድ ጊዜ የሞላው ያጎቴ ልጅ ዛሬ ጎረቤቴ ነበር።

ኮርስም አለው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ተምሮ ካርድ ካልያዘ ፈቃድ አያገኝም። አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"እኔ እኮ የ41 ነኝ! ነፃ ነኝ ማለት ነው።"

"አባባ፣ ጥር 1941 እኮ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1949 ነው። በሳምንታት አመለጥዎት።"

በጣም አዘኑ። "እናቴ ትንሽ ብትፈጥን ምን ነበረበት" አሉ። እናም በተመልካችነት ሊሄዱ ተስማሙ።

ዓርብ በመኪና ወጣን። እኔ፣ አባባ፣ ልጄ እና የባለቤቴ ወንድም። እሱ አምስት ዓመት ያደነ ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይም ነው። ዐይዘንሃወር ዋሻ ስንደርስ፣ "አባባ፣ አሁን 3400 ሜትር ላይ ነን" አላቸው በኩራት። አባባ በመስኮት ወጣ ገባውን አዩና "ሊማሊሞን አይተኸዋል?" ብለው ጠየቁት። አላየም። ስለ ተራራ ወሬው እዚያው አለቀ።

ከዋሻው አልፈን ብዙ ከነዳን በኋላ ራይፍል የምትባል ከተማ ቤንዚን ቀዳን። ትርጉሟን ስነግራቸው "ጠመንጃ የምትባል ከተማ አለቻቸው?" አሉ፤ ስለ አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ አክብሮት አየሁባቸው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚከር ታጠፍን።

መንገድ ላይ የቁርጥ ጉዳይ ተነሳ። አባባ ከቦርሳቸው ሚጥሚጣ በብልቃጥ አወጡ። ቢላም ስለው ነበር። የባለቤቴ ወንድም መሪውን ይዞ ተንቀጠቀጠ። የዋላ አንጎል የሚያበላሽ በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታየውም እዚሁ ኮሎራዶ፣ በፈረንጅ 1967 ነው። ወደ ሰው ሲተላለፍ ባይታይም የመንግሥት ሰዎቹ ጭንቅላቱን አስመርምራችሁ ውጤቱን ሳታዩ አትብሉ ይላሉ፤ ለዱር ሥጋ ደግሞ ጥሬ የሚባል ነገር አይታሰብም። አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። "እሺ፣ ለብ ለብ" አሉ።

ሌሊት 11 ሰዓት ከሞቴሉ ልንወጣ ስንል ሁለተኛው ችግር መጣ። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። የዚህ ዋላ መቀመጫ ደግሞ ነጭ ነው። በጨለማና በንጋት መካከል ጫካ ውስጥ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያስብ አስቡት። አዳኝ ራሱ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ እንዲለብስ፣ ባርኔጣም እንዲደርብ ሕጉ ያስገድደዋል። አባባ አዳኝ ባይሆኑም ባለቤቴ በደህና መልሷቸው ብላኛለች። ጋቢውን ላውልቅ እንዳይሉ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ሰደርያውን ከጋቢው በላይ አለበስናቸው። መስታወት አዩ።

"ትራፊክ ፖሊስ አደረጋችሁኝ" አሉ።

ኮረብታውን መውጣት ስንጀምር ማን እንደደከመ ልንገራችሁ? እኔ። የ76 ዓመቱ አባቴ በከዘራ እፊት እፊቴ ይሄዳሉ፤ እኔ እንደ አሮጌ ሚኒባስ አቃስታለሁ። መሬቱን የሸፈነውን ግራጫ ቁጥቋጦ ቀነጠቡና አሸተቱ። "አሪቲ!" አሉ ጮክ ብለው። ልጄ "ሽሽ!" አላቸው። ዘመዱ ነው እንጂ አሪቲስ አይደለም፤ ሽታው ግን ቁርጥ አሪቲ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

የባለቤቴ ወንድም ሁለት ኮረብታ ማዶ ሄዶ አደፈጠ። ከመሄዱ በፊት ግን ለአሥረኛ ጊዜ አስጠነቀቀኝ። መኪና ውስጥ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ አይያዝም፣ በእግር ስትሄድም ባዶውን ይሁን፣ ቦታህን ይዘህ ስትቀመጥ ብቻ አቀባብል። እሺ አልኩት። ቦታዬን ያዝኩ። ተቀመጥኩ። ከዚያ አባባ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱልኝ።

እንግዲህ ሻዩ ነው ጉዴን የሠራው።

ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ልጄ ክንዴን ጨበጠኝ። ከታች ከጥዶቹ መሐል አንድ ወንድ ዋላ ወጣ። ቀንዱ እንደ ሹካ ተከፍሎ፣ እንደገና በሹካ የተከፈለ። ጆሮው ደግሞ ከፎቶው ይብሳል፤ ዲሽ ነው። መቶ ሃያ ሜትር ቢሆን ነው። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንቀጥቀጥ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በመነጽሩ ውስጥ ዋላው እስክስታ የሚወርድ መሰለኝ።

አባባ እጄን አዩ። ልጃቸው ፈራ። አባት ምን ያድርግ?

ተነሱ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ። ከዘራቸውን ሽቅብ ሰበቁ።

"ዘራፍ!"

የልቤ ምት የቆመ መሰለኝ።

"ዘራፍ! 
የደባርቅ ጉም ነው እኔን ያሳደገኝ፣ 
ባሕር ተሻግሬ ማነው የሚያቆመኝ!"

ሸለቆው ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አስተጋባው። ከጥዱ ላይ ወፍ ተነሳ። ዋላው በአራቱም እግሩ ባንዴ እንደ ኳስ ነጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። በቃ ሄደ ስል... ቆመ! ጎኑን ሰጥቶኝ ዞረ፤ ሁለቱን ዲሾች ወደ አባባ አስተካክሎ ያዳምጣል። ይህ እንስሳ ጥቂት ሸሽቶ ዞር ብሎ የማየት አመል እንዳለው ኮርሱ ላይ ተምሬያለሁ። አባባ ግን ኮርሱን አልወሰዱም። ፉከራው ገብቶት የቆመ ነው የመሰላቸው፤ ድምፃቸውን ጨመሩ።

እኔ አነጣጠርኩ። ልጄ በጆሮዬ ያንሾካሹካል፤ "ቦልት! ቦልት! ዳዲ፣ ቦልት!"

በአባባ ጩኸት መሐል ለእኔ የተሰማኝ "በል! በል!" ነው። አባቴ ይፎክሩልኛል፣ ልጄ በል በል ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ቀን ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ ያገኛል? ትንፋሼን ዋጥኩ። ቃታውን ሳብኩ።

ቀጭ።

አላቀባበልኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ቦልቱን፣ ማቀባበያውን ማለቴ ነው፣ ስጎትት ተርበተበትኩ፣ አንድ ጥይት ሣሩ ውስጥ ወደቀ፣ ዋላው ያቺን ነጭ መቀመጫውን እያሳየ ጉብታውን ተሻገረ። ፀጥታ ሆነ። አባባ ከዘራቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ።

"ከሸፈ?" አሉ።

ምን ልበል? "ከሸፈ" አልኩ። ልጄ አፉን ሊከፍት ሲል በክርኔ ጎሸምኩት።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የባለቤቴ ወንድም እያለከለከ ደረሰ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ማን ተመታ? ማነው የጮኸው?" አለ። ማንም እንዳልተመታ ስነግረው መሬት ላይ ዘጭ አለ። እሱም ጋ ሁለት ዋላ ቆሞ ነበርና ጩኸቱን ሲሰማ አባባ የተመቱ መስሎት ትቷቸው ነው የሮጠው። ለግማሽ ሰዓት ከማናችንም ጋር አልተነጋገረም። አባባ ሻይ ቀዱለት።

ቤት ስደውል ባለቤቴ ከሰላምታ በፊት "ከሸፈባችሁ አይደል?" አለች። ማን ነገራት እንዳትሉኝ። ልጄ ቀድሞ ቴክስት አድርጎላታል፤ እሱም "አልከሸፈም፣ ዳዲ ረሳ" ብሎ።

ከሰዓት በኋላ መኪናችን ጋ ተቀምጠን ዳቦ ቆሎ ስንበላ አንድ ፂማም ሽማግሌ ፈረንጅ ወደ እኛ መጣ። ይቅርታ ልጠይቀው ተዘጋጀሁ። ሸለቆውን ሙሉ አባረንበት ይሆናል። ሰውየው ግን ኮፍያውን አነሳና አባባን ሰላም አላቸው። ከማዶ ሆኖ በባይኖኩላር ሁሉንም ሲያይ ነበር። ዋላውን ያስቆመው ጥሪ ምንድን ነው? ከየት ይገዛል?

ተረጎምኩላቸው።

"አይሸጥም በለው" አሉ አባባ። ትንሽ አስበው፣ "ግን አስተምረዋለሁ።"

እኔ ከመሐል ቆሜ ስተረጉም አንድ ሰዓት ሙሉ ተማረ። "ዘ" ላይ ችግር የለበትም። "ራፍ" ላይ አባባ አልረኩም። ከሆድ ይውጣ ይሉታል። ከዘራ ስለሌለው በዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ሰበቀ። ሲሄድ አባባን አቅፎ አመሰገነ፤ ዳቦ ቆሎም በኪሱ ሞላ።

እሑድ ጠዋት የመጨረሻ ሙከራችንን አደረግን። የባለቤቴ ወንድም አባባን አጠገቡ አስቀመጣቸው፤ እንዳይነሱ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዟል። ምንም አልመጣም። ፀሐይ ወጣች፣ በረዶው መቅለጥ ጀመረ፣ እኔ እንቅልፍ ወሰድ መለስ አደረገኝ።

ድንገት ከማዶው ኮረብታ፣ ከሩቅ፣ በወፍራም የኮሎራዶ ድምፅ፦

"ዛራአፍ!"

ሁላችንም ተያየን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ከዚያ አንዲት ጥይት ጮኸች። አንዲት ብቻ።

አባባ ሻያቸውን ፉት አሉ።

"እሱ አቀባብሏል" አሉ።