ሁሉም ሆዴን ነበር የሚያየው

ይህን የምጽፈው "ምነው አንድ ሰው እንኳን ቢነግረኝ ኖሮ" እያልኩ ስለሰነበትኩ ነው።

አምና የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የ2 ዓመት ከ3 ወር ልጄን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ባለቤቴ በሌላ ብስክሌት እየተከተለን፣ እሁድ እሁድ ጠዋት ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት እንነዳ ነበር። ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። አማቴ "ልጄ፣ ለሆድሽ እዘኝለት እንጂ" ይሉኛል። የእርግዝና ክትትል የማደርግበት ቦታ ያለችው አዋላጅ በመጣሁ ቁጥር ትቆጣኛለች። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ ባገኘን ቁጥር ያስቆመናል። ሆዴን አይቶ ራሱን ይነቀንቅና "በዚህ ሆድ? ግቢ ወደ ቤትሽ" ይለኛል። ሁሉም የሚያዩት ሆዴን ነው። ከኋላዬ ተንጠልጥሎ የነበረውን የልጄን እግር ያየ አንድም ሰው የለም። እኔም እናቱ አላየሁትም።

ደሴ ብንኖር ይህን አናስበውም ነበር። እዚያ ዳቦ ለመግዛት ሲወጣም ዳገት አለ። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ ስትጨርሱ ሜዳ ይቀበላችኋል። ብስክሌቶቹ ነበሩን። ልጁ ውጪ ውጪ ይላል። እኔም ሁለተኛውን ከፀነስኩ ወዲህ ቤት መቀመጡ ጭንቅ ብሎኝ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንወጣለን፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ እንገባለን። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ አይቻልም። ባጃጁም ይበዛል፣ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚያልፉት ተሳቢዎችም መንገዱን ይይዙታል። ውሃ፣ ሙዝና ዳቦ ይዘን ቦርከና ወንዝ ዳር እናርፋለን። ልጁ ድንጋይ ወደ ውሃው ይወረውራል። እነዚያ ጠዋቶች ጥሩ ነበሩ። ዛሬም አልክዳቸውም።

ለእርግዝናው ያደረግኩት ዝግጅት ብዙ አይደለም። ኮርቻውን ዝቅ አደረግኩት፤ ተቀምጬ ሁለቱም እግሮቼ መሬት እንዲረግጡ። መሪውን ከፍ አስደረግኩት፤ ሆዴ ላይ እንዳልጎብጥ። እየነዳሁ ማውራት ሲያቅተኝ ፍጥነት እቀንሳለሁ። የደም ማነስ ኪኒኔን አላቋረጥኩም። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ወንበሩ።

የልጅ ወንበር ገበያ ላይ ፈልገን አጣን። ብየዳ ቤት ሄድን። በያጁ በብረት ሠራልን፣ ስፖንጅ አለበሰው፣ ከአሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ ማንገቻ ቆርጦ ቀበቶ አደረገለት። 1,800 ብር ከፈልን። ባለቤቴ ነቀነቀው። ንቅንቅ አላለም። ጠንካራ ነው ብለን ተደሰትን። የእግር መርገጫ አልነበረውም። ከጎማው ጋር የሚለየው ነገርም አልነበረውም። የልጁ እግር በሁለቱም ጎን ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ተረከዙ ከጎማው ሽቦዎች የሚርቀው አራት ጣት ያህል ነው። ይህን ርቀት ዛሬ በልቤ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ለክቼው አላውቅም።

ስምንተኛው እሁድ ይመስለኛል። እየተመለስን ነው። ልጁ ሲያወራ ሲያወራ ዝም አለ። እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ትንሽ ልጅ ብስክሌት ላይ ቶሎ ይተኛል፤ ንፋሱና መወዛወዙ ያስተኛዋል። ሲተኛ ደግሞ እግሩ ይለሰልሳል። ነቅቶ ሳለ ሰብሰብ አድርጎ የሚይዘው እግር ሲተኛ እንደ ጨርቅ ይወድቃል። እኔ ጭንቅላቱ እንዳይንጠለጠል እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ደረቱን ዳሰስኩት። ጭንቅላቱን አስቤያለሁ። እግሩን አላሰብኩም።

መጀመሪያ "ከር፣ ከር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ብስክሌቱ ከኋላ ሰው እንደያዘው ቀጥ አለ። ወደ ጎን ወደቅኩ ማለት ይቻላል። በአንድ እግሬ መሬት ደረስኩ፤ የመሪው ጫፍ ግን ሆዴን በጎን ገጨኝ። ከዚያ የልጁ ጩኸት መጣ። ዞሬ ሳይ የቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሽቦዎቹ መካከል ገብቶ፣ በብረቱና በጎማው መሃል ተጣብቋል። ኮንጎ ጫማው ተቀዷል።

ጎተትኩት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስህተቶች ይህኛው አይወጣልኝም። እግሩን ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት። የተረከዙ ቆዳ በይበልጥ የተቀደደው ያኔ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለ ጎሚስታ አንድ ወጣት "እህቴ አትጎትቺው! አትጎትቺው!" እያለ ሮጦ መጣ። ባለቤቴም ደረሰና ብስክሌቱን ደገፈ። ወጣቱ ፒንሳ ይዞ ነበር። ሦስት ሽቦ ቆረጠ። ጎማውን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መለሰው። እግሩ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ይኸው ነበር መደረግ የነበረበት። ወጣቱ እጁ በደም ተለውሶ "አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል" ይለኛል። የጫነን ባለ ባጃጅም ገንዘብ አልቀበልም አለ። ወሎ ውስጥ መንገድ ላይ ብቻዬን አልቀረሁም። ብቻዬን የቀረሁት ሆስፒታል ከደረስኩ በኋላ ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ደረስን። ልጁ በነጠላዬ ተጠቅልሎ እያለቀሰ ነው። ባለቤቴ የጤና መድህን ደብተራችንን አወጣ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና "ሪፈር አላችሁ?" አለ። የለንም። "ከጤና ጣቢያ ሪፈር አምጡ። አለዚያ በመድህን አይሆንም።" ባለቤቴ "እየደማ ነው እኮ" አለው። "አሠራሩ ነው" አለ። ልጁን ቀና ብሎ አላየውም። እኔን ግን አየኝ፤ ሆዴን። "አንቺ ቁጭ በይ" አለኝ።

ባለቤቴ ኪሱ ውስጥ ብዙ ብር አልነበረም። ሪፈሩን ሊያመጣ ሮጠ። እሁድ ነው። ጤና ጣቢያው ተረኛ ባለሙያ ነበረው። ወረቀቱን ጻፈለት። ማህተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘችው ሠራተኛ ደግሞ ቤቷ ናት። ስልክ ተደውሎ፣ ተጠብቆ፣ መጥታ፣ ከፍታ፣ አትማ፣ ተመለሰ። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። በዚህ መሃል አንድ ነርስ አይታን ቁስሉን በፋሻ ሸፈነችው። "ራጅ ይነሳ" ተባለ።

ራጅ ክፍሉ ውስጥ ባለሙያው ልጁን ሳያይ "ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ውጪ!" አለኝ። ትክክል ነበር። ጨረሩ ለፅንስ አይሆንም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ መቆም የለብኝም። በእሱ ቅሬታ የለኝም። ግን የ2 ዓመት ልጅ እግሩን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይተኛል? ያዥ ያስፈልገዋል። ያዡ አባቱ ነበር። አባቱ ደግሞ ማህተም ፍለጋ ሄዷል። በሩ ተዘጋ። "እማዬ! እማዬ!" ሲል ከውጭ እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ አንስተው ተንቀሳቅሷል ብለው ተዉት። በመጨረሻ ሌላ በሽተኛ ሲያስታምሙ የመጡ አንዲት እናት ተነሱ። "እኔ ልያዝልሽ ልጄ፣ እኔ መውለዱን ጨርሻለሁ" አሉኝ። ከባዱን መከላከያ ልብስ አልብሰዋቸው ገቡና ያዙት። ስማቸውን እንኳን ሳልጠይቃቸው ሄዱ።

አጥንቱ አልተሰበረም። ቁስሉ ታጥቦ 6 ስፌት ተሰፋ፣ እንዳያንቀሳቅሰው ግማሽ ጀሶ ተደረገለት። የክትባት ካርዱን ጠየቁን፤ ቴታነሱን ለማወቅ። ቤት ነው። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱን መውሰዱን በቃሌ ተናገርኩ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበሩ። የሪፈሩን ታሪክ ስነግራቸው "ድንገተኛ ሪፈር አያስፈልገውም፤ ማን ነው የላካችሁ?" አሉ። ወረቀቱ መጥቶ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ያቺ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በከንቱ ነበር የባከነችው ማለት ነው። ያንን መስኮት ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ሐኪሙ ሌላም ነገር ነገሩን። በሽቦ የተጨፈለቀ ቆዳ በመጀመሪያው ቀን ደህና ይመስላል፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ "ተሰፍቷል፣ አልቋል" ብላችሁ እንዳትቀሩ አሉ። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ጠቁሮ ነበር። እስኪድን 5 ሳምንት ፈጀ።

ስለ ራሴስ? ያን ሁሉ ሰዓት ሆዴን ሲያይ የነበረ ሰው ሁሉ "አንቺስ ተመትተሻል?" ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። ሌሊት ሆዴ ጠንከር፣ ለቀቅ ሲል ተሰማኝ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋና አዋላጇ ጋ ሄድኩ። የፅንሱን የልብ ምት አዳመጠች፤ በደቂቃ 146። ደም የለም፣ ውሃ አልፈሰሰም፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ተቆጣችኝ። በዚህኛው ቁጣዋ ልክ ነበረች። ሆዱ የተመታ ነፍሰ ጡር ምንም ባያማትም በዚያው ቀን መታየት አለባት፤ ቢያንስ 4 ሰዓት ክትትል ሊያስፈልጋት ይችላል። የእንግዴ ልጁ መላቀቅ ከጀመረ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። እኔ እድለኛ ነኝ። እናንተ እድላችሁን አትሞክሩ።

"ከእንግዲህ ብስክሌት የሚባል እንዳላይ" አለችኝ። በዚህ ግን አልተስማማንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር ችግር የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይላል። መውደቅ ከሚያሰጋ ነገር እንድትርቅም ይላል፤ አልደብቅም። እኔ ከደረሰብኝ የተረዳሁት የሚያሰጋው ጭነቱና መንገዱ መሆኑን ነው። ሆድ ሲገፋ ሚዛን ወደ ፊት ይሄዳል። ከኋላ ደግሞ 12 ኪሎ ልጅ፣ ከፍ ብሎ፣ እየተወዛወዘ አለ። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ መጫን ልክ አልነበረም። ስለዚህ ልጁ ወደ አባቱ ብስክሌት ተዛወረ። እኔ ብቻዬን፣ በሜዳው ላይ፣ በዝግታ፣ ሰባተኛው ወር እስኪያልቅ ነዳሁ። ጀርባዬን በኮብልስቶን ላይ የሚያንገጫግጨው ባጃጅ ያሳመመኝን ያህል ብስክሌቱ አላሳመመኝም። ደም የታያት፣ የእንግዴ ልጇ ዝቅ ብሏል የተባለች፣ ወይም የምታዞራት ግን የእኔን ልብ አትቅዳ። ሐኪሟን ትስማ።

ወንበሩን እንደገና አሠራነው። የእግር መርገጫ ተበየደለት፣ እግሩን የሚይዝ ማሰሪያም ተደረገለት። ባለቤቴ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጦ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ሸፈነው፣ በቀጭን ሽቦ አሰረው። ኮንጎ ጫማ ቀረ፤ ተረከዙን የሚሸፍን ጫማ ነው የሚያደርገው። ሄልሜትም ተገዛለት። ሲተኛ እንቆማለን፤ ጥላ ፈልገን እስኪነቃ እንጠብቃለን። ባለቤቴ ኪስ ውስጥ ፒንሳ አለ። የክትባት ካርዱንና የመድህን ደብተሩን በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ። መስኮት ላይ "ሪፈር" ካሉኝ ደግሞ "ድንገተኛ ነው፣ ሐኪም ይጠራልኝ" እላለሁ እንጂ ባለቤቴን ከአጠገቤ አልልከውም።

ልጅቷ በደህና ተወለደች። አሁን 7 ወሯ ነው። ብስክሌት ላይ አላወጣናትም፤ ዓመት ሞልቷት አንገቷና ወገቧ እስኪጠነክር እንጠብቃለን። ልጁ ተረከዙ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለችው። "ብስክሌት ነከሰኝ" እያለ ለሰው ያሳያል።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ሴት ልጁን ከኋላ ጭኖ ሱቅ በር ላይ ቆሞ አየሁ። እግሯ ተንጠልጥሏል። ሄጄ አናገርኩት። መጀመሪያ ደስ አላለውም። ልጄን ጠርቼ ጫማውን አወለቅኩና ተረከዙን አሳየሁት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ የራሱን ልጅ እግር ከሽቦዎቹ ጋር በጣቱ ለካ። ዝም አለ። እሁድ ዕለት ብስክሌቱን እየገፋ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቆረጠለት። ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለቱም ጎን የሚሆን ይወጣል።