ዘረፋ

ሰኔ ሲጋመስ የቢሯችን ጠረን ይለወጣል፤ የራሰ ጃኬት፣ ከፕሪንተር የወጣ ትኩስ ወረቀት፣ ከላውንጅ መጥቶ የተረሳ ሻይ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ አባራ፤ እኔ ግን ካባራም በኋላ ከወንበሬ ልነሣ አልቻልኩም። ያሳዘነኝ ነገር አልነበረም፤ ያደከመኝም ሥራ አልነበረም። ሰው አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ሆዱ ይባባል፤ ከዚያም ምክንያት ሲፈልግ አጠገቡ ባገኘው ነገር ላይ ያላክከዋል። አጠገቤ የነበረው ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ የዋለው የአንድ የማስተርስ ተማሪዬ የተመሳሳይነት ሪፖርት ነበር።

31 በመቶ ይላል። ተርኒቲን የሚባለው ማሽን የተማሪውን ጽሑፍ ካከማቸው የጽሑፍ ክምር ጋር ቃል በቃል ያስተያይና የተገናኘውን ሁሉ ያቀልመዋል፤ ድምሩ ከ25 በታች ከሆነ አረንጓዴ፣ ከዚያ እስከ 49 ብጫ፣ ከዚያ በላይ ብርቱካናማ፣ 75 ሲደርስ ቀይ ምልክት ይሰጠዋል። «ይህ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል» ይላል እንጂ «ይህ ልጅ ሰርቋል» አይልም፤ ፍርዱ የመምህሩ ነው። ይህንኑ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ በኩራት እነግራቸዋለሁ። ብጫውን ባየሁ ቁጥር ግን ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይፈርዳል።

ልጁ በቴሌግራም «መምህር፣ ዲፌንሱ ስለደረሰ እስከ ነገ ጠዋት አስተያየትዎን ቢልኩልኝ» ብሎኛል። እኔም ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ ብዬዋለሁ። ጭምት ልጅ ነው፤ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ጥናቱ በጮቄ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ስላለው የአፈር አሲዳማነት ነው፤ ጭቃውንና ብርዱን ችሎ ቤት ለቤት ዞሮ የሠራው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዴ ጫማውን በእጁ ይዞ ቢሮዬ ገብቷልና።

መጀመሪያ የተቀለመችው ዓረፍተ ነገር የመግቢያው የመጀመሪያ መስመር ናት፤ ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው ትላለች። ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም ባሕር ዳር ፔዳ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የጀመርኩት በዚህችው አጥንት ነው፤ አማካሪዬም ምንም አላሉኝም፤ እሳቸውም በጊዜያቸው በእርሷ ሳይጀምሩ አልቀሩም። (ፔዳ ማለቴን ልብ በሉ። የፔዳጎጂ አካዳሚውና ፖሊ ቴክኒኩ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም ሰው ፔዳና ፖሊ ነው የሚለው።) ያኔ ማሽኑ እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሁለተኛው ምዕራፌ ቀለም ምን እንደሚሆን ላስብ ጀመርኩና ተውኩት።

ከዚያ መልሱን መጻፍ ጀመርኩ። «ምዕራፍ ሁለት፣ ሦስተኛው አንቀጽ፦ ይህ በግልጽ ዘረፋ ነው» ብዬ ጻፍኩና ከቃሏ ላይ ቆምኩ። ዘረፋ። ይህችን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በፖሊስ ፕሮግራም አይደለም፤ በአጎቴ ግቢ፣ በዋርካው ሥር፣ በቅኔ ተማሪዎች መካከል ነው። በዚያ «እገሌ ዘረፈ» ማለት እገሌ ማንም ያላለውን ቅኔ ከራሱ አመነጨ፣ ሳይዘጋጅ እንደ ምንጭ አፈሰሰ ማለት ነበር። አንዲቱ ቃል በቅኔ ቤት የሰውን የገዛ ራሱን ሀብት ትጠራለች፤ በእኛ ቢሮ ደግሞ የሌላውን ሀብት መውሰድን። ስንት ዓመት ሁለቱንም ስናገር ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አቁሜ አላየኋቸውም።

እኔ ቅኔን ከጉባኤ ቃና አላለፍኩም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ናት፤ ጀማሪ የሚገባው በእርሷ ነው። ከዚያ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ ስምንት ቤቱ መወድስ እያለ ይቀጥላል፤ ሁሉን የጨረሰ ሙሉ ቤት ደረሰ ይባላል። እኔ ሙሉ ቤት ሳይሆን ደጃፉ ላይ ሳለሁ አባቴ መጥቶ ወደ አስኳላ ወሰደኝ። አጎቴ ያን ቀን «ሂድ፣ እዚያም ቢሆን ያስቆጥሩሃል» ያለው የቀልድ መስሎኝ ነበር። ቅኔ መቁጠር ማለት ተማሪው ጠዋት ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሐሳቡን ከሐሳብ፣ ቃሉን ከቃል እያጋጠመ ማሰላሰሉ ነው። ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል፣ ያቃኑታል፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ያፈርሱታል። የትናንቱን ዛሬ መድገም አይቻልም። ባልንጀራው የነገረውን መንገርማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ ይሰማልና ማሽን አያስፈልግም።

አጎቴ በወጣትነቱ ዲማ ሲማር የሆነውን አሥር ጊዜ ነግሮኛል። አንድ ማታ የተናገራት ጉባኤ ቃና ለዕድሜው ከበደች። የኔታ አላመሰገኑትም፤ አልነቀፉትምም። ቀና ብለው «ማን ሰጠህ?» ብቻ አሉት። እርሱም ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ ሌባ የተባለ መስሎት። ጠዋት አንድ ትልቅ ተማሪ ነው ያረጋጋው፤ «የኔታ እኔን እስከዛሬ ማን ሰጠህ ብለውኝ አያውቁም፣ አንተ ምን ያስለቅስሃል?» ብሎ። አጎቴ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ድረስ ጥያቄዋ ሙገሳ ትሁን ክስ አይወስንም፤ እንደ ስሜቱ ነው የሚተርካት።

ይህን እያሰብኩ ወደ ልጁ ጽሑፍ ስመለስ ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። በቅኔ ቤትም ቢሆን እኮ ሁሉም አዲስ አይደለም። ሙሴ በሲና ያያት፣ እሳት እየነደደባት ያልተቃጠለችው ዕፅ ለስንት ባለቅኔ ሰም ሆናለች? የኖኅ ርግብ ስንት ጊዜ ተልካለች? ከዋሸራ እስከ ጎንጅ ባሉት የቅኔ ጉባኤዎች ማንም «ይህችን ርግብ ከማን ወሰድካት» ተብሎ አልተጠየቀም፤ የሁሉ ናትና። የሚጠየቀው ከምን ጋር እንዳጋጠማት ነው። እንዲህ ከሆነ የጀርባ አጥንቷ የእኛ የኖኅ ርግብ ናት ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእኛዋ ተልካ ምንም ይዛ አለመመለሷ ነው። በምዕራፍ ሁለት ከተቀለመው ግማሹ እንዲህ ያለ ነው፤ ትርጓሜዎች፣ የአሲዳማ አፈር መለኪያ፣ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር እንደሚጎዳ፣ ኖራ ሲጨመር እንደሚሻሻል። ይህን በአዲስ ቃል ጻፍ ብዬ ልጁን ሳስጨንቀው የማስተምረው ማሰብን ሳይሆን ቃል መቀያየርን ነው። የቀረው ግማሽ ግን በእርግጥ ምንጩ ሳይጠቀስ የተገለበጠ ነው፤ እርሱን ያልፈዋል ብሎ ካሰበ ተሳስቷል፤ አላልፈውም።

ምዕራፍ አራት ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። አንድም ቀለም የለበትም። እኔም «የራሱ ሥራ እዚህ አለ» ብዬ ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። በእንግሊዝኛው ላይ፣ የጥናቱ ተሳታፊዎች የአፈር ንጥረ ነገር በዝናብ መታጠቡን በሚገባ ይገነዘባሉ የሚል ደረቅ ዓረፍተ ነገር አለ፤ በቅንፍም ምላሽ ሰጪ 14 ተብሏል። ልጁ ትጉህ ስለሆነ ቃለ መጠይቆቹን በአማርኛ እንዳሉ በአባሪ አስቀምጧቸዋል። ገልጬ 14ን ፈለግሁ። ሽማግሌው እንዲህ ብለዋል፦ «መሬቱ አርጅቶ አይደለም ልጄ። ጨዋነቱን ነው ዝናብ ያጠበበት።»

ሦስት ጊዜ አነበብኳት። የደጋው ከባድ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን ከላይኛው አፈር አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል፤ አሲዳማው ነገር ይቀራል፤ የመማሪያ መጻሕፍት በገጽ የሚያስረዱት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው በአንድ ቃል ጨረሱት። ጨው ያለው መሬት ጨዋ ነው፤ የተሰጠውን ይመልሳል፣ የዘሩበትን ያከብራል፤ ጨዉ ሲታጠብ ጨዋነቱም አብሮ ይሄዳል፣ ገብስ ዘርተውበት ባዶ እጃቸውን ይሰዳቸዋል። በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ፤ ኅብር ይሉታል አጎቴ ዘንድ። እኚህ ሰው ዘርፈዋል፤ በአጎቴ አማርኛ። እኛ ደግሞ ዘርፈናቸዋል፤ በቢሮው አማርኛ። ማሽኑ ነጭ ያደረገው ይህን ነው፤ ሽማግሌው ያሉት ቃል በየትም አልታተመምና።

ልጁን ልወቅሰው አልችልም። ስም አይጻፍም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የፈቃድ ቅጹን አብረን ነው ያዘጋጀነው፤ ማንነትዎ በምስጢር ይጠበቃል የሚለውን አንቀጽ እንዲያውም በእጄ አርሜዋለሁ። ምክንያቱም ትክክል ነው፤ አንድ ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ዕዳው ወይም ስለ ቀበሌው ያለውን በነፃነት እንዲናገር ከፈለግህ ስሙን መሸፈን አለብህ። ነገር ግን ስሙን ሸፍነን ምሬቱን ብቻ ሳይሆን ቅኔውንም ወሰድን። በቅኔ ቤት ጥሩ ቅኔ ሲጠቀስ «የአለቃ እገሌ ናት» ሳይባል አይጀመርም፤ ባለቤቱ ሞቶ መቶ ዓመት ቢሆነውም እንኳ። እኛ ዘንድ ባሕር ማዶ ሆኖ መሬታችንን ረግጦ የማያውቅ ሊቅ ስሙና ዓመቱ በቅንፍ ይጻፍለታል፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ቁጥር ይሰጠዋል። እና ጨዋነት የሚለው ቃል እንግሊዝኛ ሲሆን የአፈር ንጥረ ነገር ሆነ።

ይህን ሁሉ ለልጁ መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አደረግሁ፦ ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጉባኤ ቃና ልቆጥር! ጨው በግእዝ ጼው ነው፤ ፄዋ ደግሞ ምርኮ ነው፤ በፊደል ቢለያዩም በድምፅ ይቀራረባሉ። በዝናብ የተማረከ ጨው፣ ወደ ባዕድ አገር የተጋዘ የምድር ልጅ፤ ዓባይም እዚያው አለ፣ ምርኮኛውን ይዞ የሚሄደው። ግሱ ጠፋብኝ። መዝገበ ቃላት አወጣሁ። መብራት ሄደ፤ በስልኬ ብርሃን ቀጠልኩ። ሁለት ቤት ለመሥራት ከአራት ሰዓት በላይ የፈጀ መምህር፣ ተማሪው 100 ገጽ በሁለት ወር ጨርሶ ለምን ገለበጥክ ብሎ ሊቆጣው ነው። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆና «አሁንም የሰው ቴሲስ ነው?» አለች፤ ምን ብዬ እንደምመልስላት አጣሁ።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። እርሱ ለማኅሌት ስለሚነሣ እንቅልፉ እንደ ዶሮ ነው፤ ቢሆንም ደነገጠ። «ምነው በደኅናህ? ልጆቹ ምን ሆኑ?» አለኝ። ደኅና ነን ብዬ፣ ስለ ሰዓቱ ይቅርታ ጠይቄ፣ ድምፄን አጽድቼ፣ እንደ ልጅነቴ ቆሜ ነገርኩት። በእውነት ቆሜ ነው። ሁለተኛው ቤት ላይ አንድ ቃል እንደረዘመብኝ እየነገርኩት ሳለሁ ገባኝ።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «የኔታ?» አልኩ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምጠራው፤ አጎቴ ቢሆንም።

«ቤቱ አይመታም» አለኝ። «ፊደሉም ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ተጣልተውብሃል። ምርኮኛዋ ግን...» ብሎ እንደገና ዝም አለ። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ፣ «ማን ሰጠህ?» አለኝ።

«አንድ ምላሽ ሰጪ» አልኩት። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ «አሥራ አራተኛው» ብዬ ጨመርኩ።

«ስም የለውም?»