ፈረንሳይ ሰፈርና ስማቸው የማይጠራ ጎዳናዎች

ያደግሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚባለው ሰፈር ነው። ከገጠር የመጣች አክስቴ «ልጆቹ ፈረንሳይ ናቸው» ሲሏት ባሕር የተሻገርን መስሏት ደንግጣ እንደነበር በቤታችን እስከ ዛሬ እየተነሣ ይሳቃል።

ስሙ የመጣው ከዓድዋ ድል ማግሥት ነው። የአውሮፓ መንግሥታት ከአፄ ምኒልክ ጋር ለመዋዋል በሚሽቀዳደሙበት በ1889 ዓ.ም. ፈረንሳይ የላከችው በጅቡቲ ገዥ የነበረውን ሌዎንስ ላጋርድን ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለለጋሲዮኑ፣ ማለትም ለመልእክተኛው መሥሪያ ቤት፣ በዳገቱ ግርጌ ሰፊ መሬት ከመስጠታቸውም በላይ ሰውየውን የእንጦጦ መስፍን ብለው ሾመውታል። ግቢው ዛሬም ከ40 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ደን ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የጣሊያን ጦር ሲቃረብ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ከከተማዋ ሲወጡና ዘረፋው ሲጀመር፣ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ነፍሳቸውን ያተረፉት በዚሁ አጥር ውስጥ ተጠልለው ነበር። ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ የታክሲው ረዳት ግን ከአራት ኪሎ ሲጣራ የሚለው «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» ነው። መስፍኑን ላጋርድን የሚያስታውስ ሰው በሰፈሩ አላጋጠመኝም።

እንዲህ ያለው አሰያየም ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ጦር ከነአለቃው ከሚያርፍበት ቦታ የመጣ በመሆኑ፣ ቀደምቶቹ ሰፈሮች የሚጠሩት በመኳንንቱ ስም ነበር፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ተሰማ ሰፈር የዚህ ምስክሮች ናቸው። እንደ እኔ ግምት በእኛ ዳገት ላይ የመኳንንቱን ቦታ የያዘው ለጋሲዮኑ ነው። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ከከተማዋ መቆርቆር በፊት የነበረው የኦሮምኛ ስም አለ። ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ ቀበና ሲባል ቃሉ ቅዝቃዜን ያመለክታል፤ በሐምሌ ጠዋት በድንጋይ እየረገጠ የተሻገረው ሰው ትርጉሙን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

በመንግሥት የተሰጡት የጎዳና ስሞች ዕድል ግን የተለየ ነው። ከእኛ በስተምሥራቅ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል የሚያልፈው መንገድ በአርበኛው በደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ስም ይጠራ ነበር። በኋላ የከተማዋ ጎዳናዎች በአፍሪካ አገሮች ስም ሲሰየሙ ኮሞሮስ ጎዳና ተባለ። አሳቡ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ለሆነች ከተማ የሚገባ እንደነበር አልክድም፤ ነገር ግን ጣሊያንን የተዋጋ ሰው ስም የነበረበትን መንገድ ለዚህ መምረጥ አስፈላጊ አልነበረም እላለሁ። የነዋሪው አንደበት ለሁለቱም አልተገዛም፤ መንገዱን የሚጠራው «እንግሊዝ ኤምባሲ» እያለ ነው። ማንም ያላወጀው የአውሮፓ አገር ስም ሥር ሰድዶ፣ በአዋጅ የመጣው የአፍሪካዊት እኅት አገር ስም በሰሌዳ ላይ ብቻ ቀርቷል።

ከዋናው መንገድ ወደ ላይ የሚወጡት ኮረብታማ መተላለፊያዎች አብዛኞቹ ስም እንኳ የላቸውም። ቤት የሚመራው በቤተ ክርስቲያን፣ በወፍጮ ቤትና በዛፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ሊያመጣልኝ ለመጣ ባለሞተር በስልክ የሰጠሁት አድራሻ «ከአቦ ከፍ ብለህ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ወደ ግራ ታጠፍ» የሚል ነበር። ልጁ ከደረሰ በኋላ ዛፉን ፈልጎ እንዳጣው ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ዛፉ ከተቆረጠ ዓመታት አልፈዋል። ያደረሱት መንገድ ዳር የቆሙ እናት ናቸው፤ «ባሕር ዛፉ ጋ» ብሎ ሲጠይቃቸው ወዲያው ወደ ባዶው ቦታ ጠቆሙት።