ስለ ደኅንነት ሥራ ድምፃችንን ሳንቀንስ ብናወራስ?

ጎንደር ውስጥ «እሱ እኮ ደኅንነት ነው» ከተባለ ሰው ጋር ዘና ብሎ ቡና የሚጠጣ የለም። አብሮት የተቀመጠም ቢኖር ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ይሆናል። ሰውየው እውነት የደኅንነት ሠራተኛ ይሁን አይሁን ማንም አላጣራም። መባሉ ብቻ ይበቃል።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን እህቴ ቤት በተነሳ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማረው ልጇ «ጋሼ፣ አንተ የታሪክ መምህር ነህ፤ ደኅንነቶች ግን ቀን ሙሉ ምንድን ነው የሚሠሩት?» አለኝ። እትዬ ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደረች ነበር። አንዷን ሲኒ እንደያዘች በሌላ እጇ ሪሞቱን አነሳችና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረችው። ከዚያ «አንተን ምን አገባህ፣ ትምህርትህን ተማር» አለችው፤ ሲኒዋን አስቀመጠች፣ ስኳሩንም አቀረበች።

አልፈርድባትም። በ1969 እና በ1970 ልጅ ነበረች። ቀይ ሽብር ጎንደርን ምን እንዳደረጋት የዚህ ከተማ ሰው አይጠፋውም። ጎረቤት ጎረቤቱን ጠቁሟል። ጆሮ ጠቢ ሲፈራ አባት በልጁ ፊት ማውራት ትቶ ነበር፤ እናቶች በዚያን ጊዜ ያወረዱት ሙሾ ደግሞ ዛሬም በሰው አፍ አለ። ያንን ያየ ሰው ስለ ደኅንነት ሲወራ ድምፅ ቢያጠፋ ምን ይገርማል?

ግን ልጁ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀው። መልስም ይገባዋል።

የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ማሰር አይደለም። መክሰስ የዐቃቤ ሕግ፣ መፍረድ የዳኛ ነው። የደኅንነት ሰው ሥራው አደጋ ከመድረሱ በፊት ማወቅ፣ ያወቀውን ማጣራት፣ አመዛዝኖ መተንተንና ለሚወስነው አካል በሰዓቱ መንገር ነው። ከዚህ ውስጥ በስውር የሚገኘው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ብዙው በአደባባይ ያለ ነው፤ ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ የገበያው ዋጋ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው፣ የሳተላይት ፎቶው። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ሜዳ ላይ ሆኖ የሚያንጎራጉረውን ማንም አያርምለትም፤ ስለዚህ አገሩ የሚያስበውን ከእሱ መስማት ይቻላል። እኔ ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። ንጉሡ እረኛውን የፈለገው ሊቀጣው ሳይሆን በቤተ መንግሥቱ የማይነገረውን ለመስማት ነዋ!

ደግሞ አገር ከወራሪ ጋር ስትተናነቅ ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ከዐድዋ ጦርነት በፊት ባሻይ አውአሎም የጣሊያን ሰላይ መስለው ገብተው የኢትዮጵያን ጦር ሁኔታ ለጣሊያኑ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ባራቲዬሪ አሳስተው ነግረዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጀግንነቱን ስናወራ የጎራዴውንና የጋሻውን እናወራለን፤ የወሬውን ግን እንረሳዋለን። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ዐድዋ ሳስተምር እኚህን ሰው ሳላነሳ አልወጣም፤ ተማሪዎቹም በጣም የሚነቁት እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ሳይነገር የሚቀረው ነገር መረጃ በእጅ እያለም መሳሳት እንዳለ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ግብፅና ሶርያ እስራኤልን ሲያጠቁ ምልክቶቹ አስቀድመው ይታዩ ነበር። የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ ክፍል ኃላፊዎች ግን «ግብፅ አሁን ጦርነት አትጀምርም» የሚል እምነት ይዘው ስለነበር የሚያዩትን ሁሉ በዚያው እምነት ተረጎሙት። ከዚያ በኋላ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ኃላፊዎች ከሥራቸው ተነሱ። ለእኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና ይኼ ነው፤ አለቃ ሊሰማ የማይፈልገውን ነገር ፊት ለፊት ለአለቃ መንገር። ሰው የሚፈራው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህን ለመንገር የሚያስችለው ነገር አያገኝም፤ ምክንያቱም ለፈሩት ሰው የሚነገረው ደስ የሚለውን ብቻ ነው።

ለልጁ አስረግጬ የነገርኩት አንድ ነገር አለ። ጥቆማ ለመከታተል ይበቃል፤ ለመፍረድ አይበቃም። እትዬ የምትፈራው ዘመን ሁለቱ የተቀላቀሉበት ነው። አንድ ሰው ጠቆመ ማለት የተጠቆመው አበቃለት ማለት ነበር።

ዛሬ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ ድንበር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ቤት፣ አካል፣ ደብዳቤና ስልክ ከመበርበር ይጠብቃል፤ መንግሥት ይህን መብት መገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በሕግ መሠረት ነው። የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎትም የራሱ አዋጅ አለው፣ ቁጥር 804/2005። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው፣ ማንም ሊያነበው ይችላል። ግን ከእኛ መካከል ስንቱ አንብቦታል? መምህራን ክፍል ውስጥ ባልደረቦቼን ጠየቅኩ፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ አዋጅ መኖሩንም አልሰሙም። የተማረው ሰው ይህን ካላወቀ ባጃጅ ነጂው በምን ይወቅ!

ምስጢር መኖር አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ማን እንደሚከታተል፣ በምን ዘዴ እንደሚከታተል፣ ወሬውን ማን እንዳመጣው ካልተሸፈነ ሰው ይሞታል። የሥራው ዓላማና ወሰን ግን ምስጢር ሊሆን አይገባም። እንግሊዞች የአገር ውስጥ የደኅንነት መሥሪያ ቤታቸውን በሕግ ያቋቋሙት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ነው፤ ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ያለ እንዲህ ዓይነት ሕግ ሲሠራ ኖሯል። አሁን ኃላፊው በየጊዜው ሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ አገሪቱ ስጋቶች ይናገራል። አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1975 የሴኔት ኮሚቴ አቋቁመው የስለላ ድርጅቶቻቸው በገዛ ዜጎቻቸው ላይ የፈጸሙትን በደል አወጡት። ድርጅቶቹ አልፈረሱም፣ ሥራቸውንም አልተዉም።

ይህ ለጎንደር የቅንጦት ወሬ አይደለም። እገታ ስንቱን ቤተሰብ ከብቱንና ቤቱን እንዳሸጠ እናውቃለን። ልጁ የታገተበት አባት የሚያውቀውን ለማንም ሳይናገር፣ ዘመድ አዝማድ ለምኖ ገንዘብ አሰባስቦ ይከፍላል። ሲነግሩት የሚሰማው አካል ወሬውን የት እንደሚያደርሰው አያውቅም፤ ስሙ ይጠበቅ አይጠበቅም አያውቅም፤ ተመልሶ እሱኑ ይጠርጥሩት እንደሆነም አያውቅም። ይህን ፍርሃት «ጠቁሙ» በሚል ፖስተር ማጥፋት አይቻልም።

ስለዚህ ደኅንነቶቹ ራሳቸው ቀበሌ አዳራሽም ይሁን ትምህርት ቤት መጥተው ያስረዱን። ስለ ስም ጥበቃው፣ ለክትትል ስለሚጠየቀው የፍርድ ቤት ፈቃድ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዴት እንደሚቆጣጠራቸው በአማርኛችን ይንገሩን፤ ጥያቄ የጠየቀውንም ሰው ስሙን አይመዝግቡት። በሐሰት የተጠቆመ ሰው አቤት የሚልበት በር የት እንደሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ይንገሩን፤ እትዬም መጀመሪያ የምትጠይቃቸው እሱን ነው።