ግራው ይሞቃል፣ ቀኙ ይበርዳል፦ የአሮጌ ኮሮላዬን ኤሲ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ኮሮላዬ 2004 ሞዴል ናት፣ ዱባይ ተነድታ ነው የመጣችው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲዋን የምከፍተው ከስንት አንዴ ነው፤ መስኮት ዝቅ ካደረግኩ ይበቃኛል። ስለዚህ ችግሩ መቼ እንደጀመረ ልነግራችሁ አልችልም። የታወቀኝ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ነው፣ አዳማን አልፈን መተሐራ አካባቢ ሙቀቱ ሲያይል። ባለቤቴ በቀኝ በኩል ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ደርባ "ኧረ ቀንሰው፣ በረደኝ" ትላለች፤ እኔ መሪው ጋ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። "አንቺ ድሮም ብርድ አትችዪም" እያልኩ ትንሽ ተጨቃጨቅን። በኋላ እጇን በእኔ በኩል ያለው የአየር መውጫ ላይ ስታደርግ ነገሩ ገባት። የእኔ ለብ ያለ፣ የሷ በረዶ።

ስንመለስ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። አንድ ጋራዥ "ውስጥ ያለችውን በር የምታንቀሳቅሰው ሞተር ሞታለች፣ ዳሽቦርዱ ይወርዳል" አለኝ፤ ለእጅ ብቻ የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ አመስግኜ ወጣሁ። ሌላው ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት "ጋሼ፣ ጋዝ ጨምርበት፣ ይስተካከላል" አለኝ። የሚገርመው ሁለተኛው ለእውነቱ ቀርቦ ነበር፣ መድኃኒቱን ነው የሳተው። ለማንኛውም ብር ከማውጣቴ በፊት ራሴ የምችለውን ልፈትሽ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ በሯን ነው ያየሁት። ዳሽቦርዱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ራዲያተር የሚመስሉ ነገሮች አሉ። አንዱ የኤሲ ጋዝ የሚዞርበት ኢቫፖሬተር ነው፣ ሌላው የሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚያልፍበት የማሞቂያው ነው። አየሩ መጀመሪያ በቀዝቃዛው ያልፋል፣ ከዛ በመሃል ያለችው በር ምን ያህሉ በሙቁ በኩል እንደሚያልፍ ትወስናለች። ለሹፌርና ለጎን ተሳፋሪ ለየብቻ የሙቀት ማስተካከያ ባላቸው መኪኖች ላይ በሯ ሁለት ስለሆነች፣ አንዱ ጎን ብቻ ሲሞቅ በሯን መጠርጠር ያስኬዳል። የእኔ ግን አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው ያላት። አንድ በር፣ እሷም የምትንቀሳቀሰው በሽቦ። ሞተር የሚባል ነገር እዚያ የለም! ባለቤቴ ማዞሪያውን ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት ስታዞር እኔ የስልክ መብራት ይዤ ከዳሽቦርዱ ሥር ተንጋልዬ አየሁ፤ ሽቦው የሚስባት ክንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች፣ አትያዝም።

ግን ክንዷ መሄዷ ብቻ በሯ በደንብ ትዘጋለች ማለት አይደለም። ውስጥ ላይ ስፖንጁ ተበልቶ ሙቀት እያሾለከ ሊሆን ይችላል። ይሄንን ያለ ምንም መሣሪያ የሚለይ ፈተና አለ። ጠዋት መኪናዋ አድራ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውሃም ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀት የሚመጣበት ቦታ የለም። አስነስቼ ወዲያው ኤሲውን ከፈትኩ። የሙቀት ጌጁ ገና ከታች ሳይነሳ በግራና በቀኝ መካከል ያው ልዩነት መጣ። ስለዚህ ግራውን የሚያሞቀው ማሞቂያው አይደለም። ግራው ድሮም አልቀዘቀዘም ማለት ነው። ዳሽቦርድ ለማስወረድ ያሰበ ሰው ካለ ይቺን ፈተና ሳያደርግ እንዳይሞክረው።

ቀጥሎ አየሩ ራሱ። በሁሉም መውጫዎች የሚመጣው ነፋስ ጉልበቱ እኩል ነው፣ ይሄ ጥሩ ነው። የጓንት ሳጥኑን አውርጄ የአየር ማጣሪያው ቦታ ላይ እጄን ስሰድ ግን ባዶ ነው! ማጣሪያ የለም፤ ከፋብሪካም አልተገጠመላት ይሆናል፣ ወይ አንዱ አውጥቶ ጥሎታል። አቧራውና የጃካራንዳው ቅጠል በሙሉ ኢቫፖሬተሩ ላይ ተነጥፏል። በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም አጸዳሁት፣ ማጣሪያም ከሶማሌ ተራ ገዝቼ አስገባሁ። ነፋሱ በደንብ ጨመረ፣ ሽታውም ጠፋ። የግራና የቀኙ ልዩነት ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚህ በኋላ ነው ቴርሞሜትር የገዛሁት፣ የወጥ ቤት የሚባለውን ሹል ያለውን። እጅ ያታልላል። ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ የውስጥ አየር ማዞሪያውን ከፍቼ፣ እያንዳንዱ መውጫ ውስጥ ከትቼ እስኪረጋ ጠበቅኩ። ከግራ ወደ ቀኝ 20፣ 17፣ 11፣ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ቁጥሩን ስታዩት ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። በር ወይም ቱቦ ቢሆን አንዱ ላይ ዘሎ ይታይ ነበር ብዬ አሰብኩ። እንዲህ በቀስታ መውረዱ ልዩነቱ የተፈጠረው ኢቫፖሬተሩ ላይ ነው የሚል ሐሳብ ሰጠኝ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጋዙ ወደ ኢቫፖሬተሩ ሲገባ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። የሚያቀዘቅዘው እዚያ ውስጥ እየተነነ ከአየሩ ሙቀት ስለሚስብ ነው። መጠኑ በቂ ሲሆን ፈሳሹ የኢቫፖሬተሩን ስፋት በሙሉ ያዳርሳል። ሲጎድል ግን መግቢያው አካባቢ ተንኖ ያልቃል፤ የቀረው ስፋት ውስጥ የሚያልፈው የተነነ ጋዝ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ሙቀት አይወስድም። ስለዚህ በመግቢያው በኩል ያለው መውጫ በረዶ ሆኖ ሌላው ለብ ይላል። የትኛው ጎን እንደሚሞቅ ቱቦው በሚገባበት ቦታ ስለሚወሰን ከመኪና መኪና ይለያያል። አንድ ማዞሪያ ባላት አሮጌ መኪና ላይ ግራና ቀኝ ከተለያየ እኔ ከእንግዲህ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጋዝ መጉደልን ነው።

ታዲያ "ጋዝ ጨምርበት" ያለው ልጅ ምን አጠፋ? ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። የተዘጋ መስመር ነው። ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳውን ሳታገኝ መጨመር በየጊዜው መክፈል ነው። ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረውን ኮምፕሬሰር የሚያለሰልሰው ዘይትም ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዙ በሾለከበት ትንሽ ትንሽ እያለ እሱም ይወጣል። ኮምፕሬሰር በዘይት እጦት ሲነክስ ደግሞ ብረት ፍቅፋቂውን በመስመሩ ሙሉ ይበትነዋል፣ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

ኤሲ ብቻ የሚሠራ ልጅ በሰው በሰው አገኘሁ። የግፊት ጌጁን ሰካ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መርፌዎቹ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ላይ ቆሙ። አንድ የቆመ ሹፌር "ይሄው ሙሉ ነው" አለ። አይደለም። እንደ ቡታጋዝ ሲሊንደር ነው፤ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚከተለው የአየሩን ሙቀት ነው እንጂ መጠኑን አይደለም። ሞተሩ ተነስቶ ኤሲው ሲከፈት ነው እውነቱ የወጣው፦ የዝቅተኛ ግፊቱ መስመር 15 ፒኤስአይ፣ የከፍተኛው 100። ሁለቱም ዝቅ ሲሉ ብዙ ጊዜ ጋዝ ጎድሏል ማለት ነው።

እዚህ ጋ አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች የሚጠቅም ነገር አለ፣ ብዙ ቦታ ሲወራ ስላልሰማሁ ትንሽ ላብራራው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነች። ጌጁ የሚለካው ከውጪው አየር ጋር እያነጻጸረ ነው፣ የእኛ አየር ደግሞ ስስ ስለሆነ እዚህ የምታነቡት ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚነበበው በ3 ተኩል ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ይላል። በዝቅተኛው መስመር ላይ ይሄ ቀላል አይደለም። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መስመሩ ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ሲመጠጥ፣ ቫኪዩም የሚሉት፣ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የውጭ ቪዲዮዎች ላይ "መርፌው 29 ኢንች መድረስ አለበት" ይላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ፓምፑ ምንም ቢጎብዝ ከ22 ወይም 23 አያልፍም፣ ምክንያቱም የሚወጣው አየር ያለው ያን ያህል ነው። 22 ላይ ቆመ ተብሎ ፓምፕ አይሰደብም።

ከሁሉ የሚብሰው የአየሩ ቅዝቃዜ ነው። ጋዝ በግፊት ብቻ እያዩ ሲሞሉ፣ በአዲስ አበባ የ20 እና 22 ዲግሪ ከሰዓት የከፍተኛው መስመር ግፊት ዝቅ ብሎ ስለሚታይ "ትንሽ እንጨምር" ይባላል። ያቺ መኪና አዋሽ በ38 ዲግሪ ስትገባ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ቅዝቃዜውም ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩም ይጨነቃል። ስለዚህ ጋዝ በሚዛን ነው። ስንት ግራም እንደሚወስድ ኮፈኑ ሥር ያለው ስቲከር ላይ ተጽፏል። ሠራተኛው ሚዛን ከሌለው ሌላ ሠራተኛ ፈልጉ።

ቀዳዳውን ፍለጋ ዓይን ነው ብዙውን የሠራው። ዘይቱ በሾለከበት ቦታ አቧራ ይይዛል፣ ስለዚህ ደረቅ መሆን የነበረበት መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ቅባት ያለበት አፈር ካያችሁ እሱን ያዙት። ከዚህ በፊት ላቫጆ ወስዳችሁ ሞተሩን ካሳጠባችሁት ግን ይሄ ማስረጃ የለም። የእኔ ከፊት ከኮንደንሰሩ (ጋዙ ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚለቅበት ራዲያተር መሳይ ነገር) የሚወጣው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ነበር። ሳሙና ሲቀባ ትንንሽ አረፋ እያበጠ ወጣ። ፊቷ ከእኔ በፊት አንዴ ተመትቶ የተጠገነ ይመስላል፣ መጋጠሚያውን የፈታው ሰው የተጠቀመበት ኦሪንግ፣ ክቧ የጎማ ማሸጊያ፣ ትክክለኛው አልነበረም፤ ለኤሲ የማይሆን ተራ ጎማ ነው፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

የቀረው ሥራ ተራ ነው። ጋዙን አወጣ፣ አረንጓዴውን ኦሪንግ በኮምፕሬሰር ዘይት ቀብቶ አስገባ፣ እንደ ወጣ የገመተውን ያህል ፓግ 46 የሚባለውን የኮምፕሬሰር ዘይት ጨመረ፣ ቫኪዩም አድርጎ ፓምፑን አጥፍቶ መርፌው ይመለስ እንደሆነ ቁጭ ብለን ጠበቅን። አልተመለሰም። ቀዳዳ ሌላ ቦታ ካለ ብለን በአልትራቫዮሌት መብራት የሚታይ ቀለምም አስጨመርኩ። ከዛ በሚዛን ተሞላ።

ስለ ጋዙ ራሱ አንድ ነገር። የእኔ የሚወስደው አር 134ኤ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት፣ ዲኤክስ የምትነዱ ወንድሞች ትሰሙኛላችሁ አይደል፣ ከፋብሪካ የወጡት በድሮው ጋዝ፣ በአር 12 ነው፤ ዝም ብሎ አይቀላቀልም። ሲሊንደሩ የታሸገ ይሁን፣ ሲከፈትም እዩ። በእ.ኤ.አ. 2011 ቬትናም ውስጥ አር 134ኤ ተብሎ የተሞላ የተበከለ ጋዝ የዕቃ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮችን አፈንድቶ ሰው ገድሏል፤ ውስጡ የተቀላቀለው ኬሚካል ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ነው አደጋው። አንዳንዱ ቡታጋዝ የሚሞላም አለ ይባላል። የሚቀጣጠል ጋዝ ከፊታችሁ ዳሽቦርድ ውስጥ! ርካሽ ነው ቢሏችሁም ተዉት።

ቴርሞሜትሬን መልሼ ስከት 7፣ 7፣ 6፣ 6 አሳየ። ለእኔ ከዚህ በላይ ምስክር የለም፤ ሠራተኛውም ፎቶ አንስቶ ወሰደው። ጠቅላላ ያወጣሁት ለዳሽቦርዱ ማውረጃ ብቻ ከተጠራልኝ ዋጋ ሩቡን አይሞላም፣ ትልቁም ወጪ ጋዙ ራሱ ነው።

ኤሲ የማትፈልጉ የከተማ ሰዎች፣ በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ያህል ክፈቱት። የኮምፕሬሰሩ ማሸጊያ ላስቲክ በዘይቱ ካልራሰ ይደርቅና ያስተነፍሳል። ክረምት ላይ መስታወት ጉም ሲይዝማ ኤሲውን ከሙቀት ጋር አብሮ መክፈት ነው፣ እርጥበቱን ስለሚያወጣ ወዲያው ይጠራል፤ ሁለት ጥቅም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ባጃጅ መሃል ቆማ ስታዘግም 12 ዲግሪ ድረስ ትወጣለች፣ ትንሽ ስትሄድ ትመለሳለች። ግራና ቀኙ ግን አብረው ነው የሚወጡት፣ ስለዚህ ይሄ የጋዝ ጉዳይ አይመስለኝም። የፊተኛው ፋን ይዞራል፣ ግን የኮንደንሰሩ ክንፎች በጠጠርና በትንኝ ተደፍነዋል። እነሱን በማበጠሪያ አቅንቼ፣ ከውስጥ ወደ ውጪ በቀስታ ውሃ ላጥባቸው ነው፤ እግረ መንገዴንም ያችን ቀለም በመብራት አያታለሁ።